ክላፋም ላይ የሞትኩ ለት

እኔ ሞቼ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። የሚሞትማ ሞልቷል፤ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ የለቅሶውን ሽሮ ራሱ ቁጭ ብሎ የበላ ሰው ካለ ግን ይምጣና ይከራከረኝ። የሞትኩት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ከክላፋም ትንሽ አለፍ ብሎ ባለ ሰፊ መናፈሻ ውስጥ፣ አንድ ድንኳን ጓዳ፣ የቆዳ ክምር ስር ተጋድሜ። ሙሾ ተወርዶልኛል፣ ደረት ተመትቶልኛል። አሟሟቴን ልንገራችሁ፤ አትቸኩሉ፣ እኔም አልቸኮልኩም ነበር።

ይልማ እባላለሁ። ቶተንሃም መጥታችሁ "ይልማ ቀበቶ" ብላችሁ ብትጠይቁ የማያሳያችሁ የለም። ቀበቶ እሠራለሁ፤ በእጄ፣ ከቆረጣው እስከ መጨረሻዋ ስፌት። ማንም አላስተማረኝም። መርካቶ ልጅ ሆኜ የጎረቤት ቦርሳ ፈትቼ መልሼ ስሰፋ፣ ባለቦርሳዋ ስታባርረኝ፣ የሌላ ሰው ቦርሳ ፈትቼ ስሰፋ ነው የተማርኩት። ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ ነው። ሰልፉ ላይ ከፊት ነበርኩ ብዬ ሳወራ ባለቤቴ ትርሲት፣ "እውነቱን ነው፤ ሩጫው ሲጀመር ከሁሉም ፊት ነበር" ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት ያገባሁት።

በዚያን ጊዜ ኑሯችን እንዲህ ነበር። ትርሲት የፈረንጅ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ እንደገና ማንሳት። አንዳንዱ ሽማግሌ በሬ ያህላል። ወገቧ አልቆ ነበር፤ ከወንበር ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ የአሮጌ ላዳ በር ሲከፈት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቢዝነስ ላይ ነኝ። ቢዝነስ ማለት ዝናብ በሌለበት ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ቀበቶ መዘርጋት ነው፤ የለንደንን ቅዳሜ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የቀረውን ሳምንት ሶፋ ላይ ተንጋልዬ ቢዝነሱን አቅዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ፈረንጅ መጣና፣ ሰይፍ የሚሸከም ቀበቶ አለህ ወይ አለኝ። የለኝም የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሠራሁለት። ወደደው። ከዚያ "አንተ እኮ ሬነሳንስ ፌር መግባት አለብህ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋቂ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ የከረመ፣ ዓርብ ሲሆን ሱሪውን አውልቆ ጠባብ ካልሲ እስከ ብብቱ ይጎትትና ከአራት አምስት መቶ ዓመት በፊት የነበርኩ ባላባት ነኝ ይላል። ሌላው አንጥረኛ ይሆናል፣ ሌላው መነኩሴ፣ ሌላው ለማኝ። ለማኝ ለመሆን ትኬት ይገዛል! እኛ መብራትና ቧንቧ ካለበት ለመድረስ ባሕር አቋርጠን መጣን፤ እነሱ ከዚያ ለመውጣት ይሰለፋሉ። ግን ሁሉም ቀበቶ ያስፈልገዋል። ያ ሁሉ ካልሲ በምን ይያዛል?

ፌሩ ክረምቱን... ይቅርታ፣ የዚህን አገር በጋ ማለቴ ነው፣ በጋውን ሙሉ ከከተማ ከተማ ይዞራል። መጀመሪያው ላይ ዓርብ ዕለት ድንኳንህ ቼክ ይደረጋል። ካለፍክ የበጋው ቦታ ያንተ ነው። ከወደቅክ ዕቃህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። ሕጉ አንድ ነው፤ በገመድ ከታጠረው ግቢ ውስጥ የዛሬ ዘመን ነገር እንዳይታይ። ፕላስቲክ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ዚፕ የለም፣ ስልክ የለም።

ትርሲት ከዋዜማው ቫኑን ስንጭን አስቁማኝ፣ "ስማ ይልማ" አለችኝ። "አለቃዬን እስከ ሰኞ ነው ያስፈቀድኳት። ካለፍን ወገቤ ዐረፈ። ካላለፍን ሰኞ ጠዋት ሺፍት እገባለሁ፤ ሁለተኛ ግን ስለ ቢዝነስ እንዳታወራኝ።"

"አለፍን በይው።"

"አንተ ስትለው እኮ ነው የሚያስፈራኝ።"

ዓርብ ጠዋት ደረስን። ስልኮቻችንን ቫኑ ውስጥ ቆለፍንባቸው። ልጃችን ሶልያና፣ እዚሁ የተወለደችው፣ ስልኳን ስታስረክብ ኩላሊቷን የሰጠች ነው የምትመስለው። "ዳዲ፣ ዊ ሉክ ላይክ ክራውንስ" አለች። ክላውን፣ የሰርከስ ቀልደኛ መሰልን ለማለት ነው፣ ሳቋ አፏን ይዟት። እኔ ዘውድ ያለች መስሎኝ አመሰገንኳት።

ጎረቤቶቻችን ቤተሰብ ናቸው። በቀኝ በኩል አንጥረኛው ከነሚስቱና ከነአማቱ፤ ሲጣሉ ነው የዋሉት፤ አማትየው ብረት መቀጥቀጫውን እቤት ረስተውት መጥተዋል። በግራ ሻማ የሚሠሩ ባልና ሚስት፤ ሚስትየው ባሏን በድሮ እንግሊዝኛ ትሰድበዋለች፣ ቼክ የምታደርገው ሴትዮ ራቅ ስትል በዘንድሮው እንግሊዝኛ ትደግመዋለች። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያለ ባለሱቅ ቤተሰብ ሁሉ አንድ መሆኑን ተረዳሁ፤ ዕቃ ሲዘረጋ የማይጣላ የለም።

ቼክ አድራጊዋን "የጨርቅ ፖሊስ" ብያታለሁ። ቀጭን ናት፣ ነጭ ቆብ አጥልቃለች፣ ወገቧ ላይ የቁልፍ እጅብ አንጠልጥላለች። ጨርቅ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች። ጠዋት ለቅድመ ዙር መጥታ ቀበቶዬን አነሳችና "ኢዝ ኢት ፒሪየድ?" አለችኝ። የዘመኑ ነው ወይ ማለቷ ነው አሉ። እኔ ፔሬድ ሲባል የማውቀው አንደኛ ፔሬድ አማርኛ፣ ሁለተኛ ፔሬድ ሒሳብ ነው። ትርሲት ደግሞ የምታውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቀበቶውን ከእጇ ልትነጥቃት ምንም አልቀራት። ደግነቱ ሶልያና አስተረጎመች።

ሴትዮዋ ቀበቶውን ወደደችው። ቀጥላ ትርሲትን አየቻት። ትርሲት ጥቁር ረዥም ቀሚስ ለብሳለች፤ ሽፋን እንዲሆናት ከቤት ነጠላዋን ይዛ መጥታለች። የጨርቅ ፖሊስ ነጠላውን ዳሰሰች፣ አሸተተች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በእጅ የተፈተለ!" ከዚያ ከደረቷ ስፒል አወጣችና የዚያ ዘመን ሴት አከናነብ እንዲህ ነው ብላ የትርሲትን ነጠላ ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ በፊቷ ዙሪያ አዞረችው፣ ጥብቅ አድርጋ ሰካችው።

እናንተ ገባችሁ። እሷ አልገባትም።

"ይልማ" አለች ትርሲት ሴትዮዋ ስትሄድ፣ "አዘቅዝቃኝ ሄደች እኮ። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላ ዘቅዝቄ! ለቅሶ ቤት ነው ያስመሰለችኝ። ልፍታው።"

"እንዳትነኪው! እራሷ የሰካችውን ፈትተሽ ካገኘችሽ ወደቅን።"

"ሰው ቢያየኝስ?"

"እዚህ ማን ሐበሻ አለ? ባላባትና ለማኝ ብቻ ነው ያለው።"

ወገኖቼ፣ ለንደን ውስጥ ሐበሻ የሌለበት ቦታ የለም። ተጠንቀቁ።

ድንኳናችንን የተከራየነው ከጺማሙ ሰውዬ ነው። ሸራው ረዥም ጥቅል ሆኖ መጣ፣ ነጭ፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ በገመድ የታሰረ። አራት ባላባቶች እናግዛችሁ ብለው በትከሻቸው ተሸከሙት። ከፊት ሁለት መነኩሴ መሳዮች መንገድ ያስለቅቃሉ። ከኋላ ትርሲት፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ዘቅዝቃ። ከጎኗ ሶልያና። አንጥረኛው ምድጃውን ገና እየለኮሰ ስለነበር ጭሱ ሜዳውን ሞልቶታል፤ እናትና ልጅ ዓይናቸውን እያበሱ ነው የሚሄዱት። እኔ ቫኑ ውስጥ ዕቃ እየቆጠርኩ ነበር። አየሁት፣ ግን ድንኳን ነው ያየሁት።

ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ፓርኪንግ ቲኬት፣ የመኪና ቅጣት፣ የሚለጥፈው ደረጀ ቆሞ ነበር። ደረጀ የእድራችን አባል ነው። እሱ ያየው ሬሳ ነው።

መቼም እናንተ እሱን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አጥሩ ጋ ቆማችሁ "ትርሲት፣ ማን ሞተብሽ?" ብላችሁ ትጮኻላችሁ? ነውር ነው። ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ደረጀም አልጠየቀም። ወደ እኔ ስልክ ደወለ፤ ተቆልፎበታል። ወደ ትርሲት ደወለ፤ ተቆልፎበታል። ባልየው ከቀብሩ ላይ የለም፣ ስልኩም አይነሳም። ሒሳቡን ሠራና ወደ እትዬ ዘነበች ደወለ።

እትዬ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። የቶተንሃም እድር ሰብሳቢ ናቸው። ለንደን ውስጥ እሳቸው ሳያውቁ የሚሞት ሐበሻ የለም፤ ቢሞትም አይቆጠርለትም። ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት አሉ፤ "ጾም ነው ዛሬ አይደል? በሉ ሽሮና ምስር።"

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ድንኳኔን ተክዬ፣ ቀበቶዬን ሰቅዬ፣ ንጉሥ መስዬ ቆሜያለሁ። ታዲያ የመጨረሻው ቼክ ሊደርስ ሲል፣ ዕቃ አነሳለሁ ብዬ ጎንበስ ስል ያ ጠባብ ካልሲ ከኋላዬ ተተረተረ። ጠቅላላውን። ያለኝ ልብስ የጂንስ ሱሪዬ ነው። ለበስኩት።

"ዚፕ!" አለች ትርሲት። "ዚፕ ለብሰህ ልትቆም ነው?"

"በእጄ እሸፍነዋለሁ።"

"ግባ! ጓዳ ግባና ቆዳው ስር ተኛ። እስክትሄድ እንዳትተነፍስ።"

ገባሁ። ከመጋረጃው በስተኋላ ተኛሁና ቆዳውን ላዬ ላይ ከመርኩት። በስፌቱ ቀዳዳ ሁሉንም አያለሁ። የጨርቅ ፖሊስ መጣች። ዳሰሰች። አሸተተች። ጠረጴዛውን ከስሩ አየችው። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ፈገግ አለች። ያለቀ ነገር ነበር። የትርሲት ትከሻ ሲወርድ ከኋላ አየሁት፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

ያኔ ነው ከገመዱ ማዶ ጩኸት የተሰማው።

"ወየው! ወየው! ወየው!"

አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው። እትዬ ዘነበች ከፊት። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ በጃኬት፣ የሚታጠፍ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው፣ ውኃ በካርቶን፣ ድስት በፌስታል። ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል የመጡ አሉ፤ ለሰርጌ ያልመጡ! ባላባቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዱ ለማኝ አጨበጨበ።

ትርሲትን አንገቷ ላይ ተጠመጠሙባት። ማንም ስም አልጠራም። እሷም ደነገጠች፤ ለካ አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ሞታ መርዶ ሊያረዷት የመጡ መስሏታል። "እማዬን! እማዬን ነው?" ብላ ጮኸች። እኔ ቆዳ ስር ሆኜ አማቴን ማልቀስ ጀመርኩ፤ ያለ ድምፅ።

እትዬ ዘነበች ግን "ይልማዬ!" አሉ። "ጎበዙ ይልማ!"

ትርሲት ለቅሶዋን ከመሃል ላይ አቆመችው። "ይልማ?"

"አዎ ልጄ፣ ቻይው።"

"የትኛው ይልማ?"

"ያንቺው ነዋ! ቀበቶው!"

እና ሚስቴ ምን አለች መሰላችሁ? "እፎይ" አለች። በጆሮዬ ሰማኋት። ከልቧ ነው ያለችው።

የጨርቅ ፖሊስ ቆቧን አውልቃለች። ሴቶቹን አየች፣ ነጠላቸውን አየች፣ የትርሲትን ነጠላ አየች። ምንም ሳያስረዷት የገባት መሰላት። የፕላስቲክ ወንበሩን እንዳላየች ሆና የትርሲትን እጅ ያዘችና፣ "ባልሽ ነው? በዚህ ሐዘን ላይ ሆነሽ ነው የመጣሽው?" አለቻት። "አይዞሽ። ቦታው ያንቺ ነው። በጋውን ሙሉ። ማንም አይነካሽም።"

ትርሲት ወደ መጋረጃው ዞረች። በቀዳዳው ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ሞቼ ልቆይ ማለቴ ነው። አስቡት እስቲ፤ ትንሽ ብሞት በጋው ሙሉ የኛ፣ ወገቧ ዐረፈ! ከዚህ የረከሰ ሞት የት ይገኛል? እሷ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ለቀስተኞቹ መለሰች።

እትዬ ዘነበች ሙሾ አወረዱ።

"ቀበቶ ሠሪው፣ ወገብ አጥባቂው፣
ወሬ ሲጀምር አገር አድማቂው፣
ትርሲት ስትደክም ሶፋ ጠባቂው!"

"ወይኔ!" አለ ሕዝቡ፤ ደረቱን መታ። ሦስተኛዋ ላይ ነው አብዝቶ የመታው። እኔ ሰው ሲሞት ይሞገሳል ሲሉ ነበር የሰማሁት! ደረጀ ደግሞ እንባው እየወረደ፣ "ባለፈው ቫኑ ላይ ቲኬት የለጠፍኩበት እጄ በተሰበረ" ይላል። ቆዳው ስር ሆኜ "ታዲያ ሰርዘዋ!" ልለው ነበር። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ "አሁን ትርሲትን ማን ይረዳታል?" ስትል፣ ጎረቤቷ አፍንጫዋን እያበሰች፣ "ድሮስ ማን ሲረዳት ነበር?" አለች። ክፋት የለባትም፤ እያለቀሰች ነው ያለችው። ያ ነው የከፋው።

በዚህ መሃል ሶልያና፣ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ የነበረችው፣ ተመለሰች። ሴቶቹ አዩዋትና "አባትሽን! አባትሽን ልጄ!" ብለው ተቀበሏት። እንስራው ከእጇ ወደቀ። "አባዬ?" አለች። ዳዲ አይደለም ያለችው። ከዚያ ጮኸች፤ እዚህ የተወለደ ልጅ እንደዚያ አይጮኽም።

ትርሲት ከዚያ ወዲያ አልቻለችም። "አልሞተም!" አለች። "በእግዚአብሔር፣ አታልቅሱ! አልሞተም፣ ቆዳ ስር ነው!" መጋረጃውን በአንድ እጇ ገነጠለችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። እኔም ልነሳ ነበር። በጉልበቴ ደርሻለሁ። ቀደመችኝ፣ ያ ብቻ ነው።

ብድግ አልኩ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው መጥተው በጥፊ አሉኝ፤ አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ። "አንተ! ሽሮ ተሸክሜ በአውቶቡስ ተንገላትቼ! ሙሾዬን መልስ!" ሶልያና አቀፈችኝ፣ ወዲያው ገፈተረችኝ፣ እንደገና አቀፈችኝ። የጨርቅ ፖሊስ ግን ወደ ታች ነበር የምታየው። ወደ ዚፔ።

ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ነጠላው፣ ስለ ጥለቱ፣ ራሷ አዘቅዝቃ እንደሰካችው። ሶልያና እያስተረጎመች፣ ሴትዮዋም ገባት፤ አፈረችም፣ ይቅርታም ጠየቀች። ነገር ግን ቀጥላ፣ "እሺ፣ መጀመሪያው ስህተት ነው። አንተ ግን ሲያለቅሱልህ ሰምተህ ተኛህ" አለችኝ። ቆቧን መልሳ አጠለቀች። እንግሊዝኛ አጠረኝ እላለሁ፤ አማርኛውም አልነበረኝም።

ወጣን። ድንኳኑን ያፈረሱልን ለቀስተኞቹ ናቸው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ዘርግተው ሽሮውን በላን፤ አንጥረኛው ከነአማቱ መጥቶ ተቋደሰ። እንደዚያ ቀን የተሳቀበት ለቅሶ የለም። ትርሲት ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሁሉም ጋር እየሳቀች፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ነው የተቀመጠችው።

መንገድ ላይ ቫኑ ውስጥ ጠየቅኳት። "ዝም ብትይ እኮ ቦታው የኛ ነበር።"

"ልጄ እያለቀሰች?"

"ትንሽ ቆይተን እንነግራት ነበር።"

"አንተ ለትንሽም ቢሆን ያስችልሃል። እኔ አያስችለኝም" አለች። ክፉ ሳትሆን ነው ያለችው፤ የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚነግር ሰው። "ሰኞ ሺፍት አለኝ።"

ሰኞ ጠዋት ከእሷ በፊት ተነስቼ ጫማዬን አሰርኩ። "የት ነው?" አለች። "አብሬሽ" አልኳት። አለቃዋ ዘንድ ገብቼ፣ "ጠንካራ ወንድ ትፈልጋላችሁ?" አልኩ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ "ወንድ እንፈልጋለን" አለች፤ ጠንካራውን ዘለለችው። አፕላይ አደረግኩ፣ ቼክ ተደረግኩ፣ ቅጠል ሳይረግፍ ዩኒፎርም ለበስኩ። ትርሲት ለቀቀች።

አሁን ሽማግሌ የማነሳው እኔ ነኝ። ልንገራችሁ፣ በዚያ ቤት እንደ እኔ የሚያነሳ የለም፤ ፈረንጆቹ "ያ ወሬኛው ይምጣልን" ብለው ነው በስም የሚጠሩኝ። ቀበቶውን የምትሠራው ትርሲት ናት። በሚቀጥለው ዓመት እሷና ሶልያና ብቻቸውን ሄደው ቼኩን አለፉ። ስፌቷ ከእኔ የቀና ነው የሚሉ አሉ፤ ሰው ምን የማይለው አለ። እኔ በዚያ ገመድ ውስጥ እንዳልገባ ተከልክያለሁ፤ ቫኑን አደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ሰው ስለ እናንተ ምን እንደሚል ማወቅ ከፈለጋችሁ አትጠይቁት፤ ይዋሻል። አንድ ጊዜ ሙቱ። ግን እንደሞታችሁ ለመቆየት ካማራችሁ፣ ያኔ ሙሾውን ደህና አድርጋችሁ ስሙት።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ትርሲት አዲስ የመጣ ቆዳ ከወለሉ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ጥቅሉ ከባድ ነው፤ እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዤ ነው የማነሳው። አቀፈችው፣ ቀና አለች፣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው፣ መቀሷን ፈለገች። አላቃሰተችም። ያላቃሰተች መሆኗንም አላወቀችውም። አንድ ጥሩ ቀልድ መጥቶልኝ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩትና፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ መቀሷን ፈልጌ አቀበልኳት።